እስክንድር ቦጎሲያን፦ በሥዕሉ ውስጥ ያሉት ዓይኖች የሚያዩት ማንን ነው?

ማለዳ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ታዳሚዎች። የምኖረው በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ነው። ባለፈው ወር ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ራሌይ ወደሚገኘው የሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ጎራ አልኩ፤ እዚያም የሠዓሊውን የእስክንድር ቦጎሲያንን «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» የተባለ ሥዕል ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል አየሁት። እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራ፣ ቁመቱም ወርዱም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ የዘይት ቀለም ሥራ ነው። ቀደም ሲል በመጽሔት ላይ ሳየው የጨለመ ሥዕል ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ሲቆሙ ግን ጨለማው ራሱ ከብዙ ቀለም የተሠራ መሆኑ ይታያል። ክንፍ ያላቸው ፍጥረታት፣ ኮከብም እንቁላልም ሊሆኑ የሚችሉ ክብ ነገሮች፣ እንደ ጉጉት ዓይን የፈጠጡ ዓይኖች በአንድ ሰማይ ላይ ያንዣብባሉ፤ የትኛው ቅርብ፣ የትኛው ሩቅ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

ይህን ክር የከፈትኩት ግን ሥዕሉን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ከፊቱ ቆሜ ሳለሁ ትዝ ያለኝ የአያቴ ክታብ ነው። አያቴ በቀይ ቆዳ የተሰፋ ክታብ ከአልጋዋ ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ ሰቅላ ታኖር ነበር። አንድ ቀን ቆዳው ተቀዶ ሊጠገን ሲወርድ ብራናው ተፈታ፤ በመካከሉ ከከንፈርና ከአፍንጫ ይልቅ ዓይኑ የጎላ ፊት ተስሎ አየሁ። ያየሁት ለአፍታ ብቻ ነበር፤ እናቴ ከኋላዬ ደርሳ «አትዪው» ብላ ዓይኔን በመዳፏ ሸፈነችው። መዳፏ የሽንኩርት ሽታ እንደነበረው እንኳ አልረሳሁም። ራሌይ ላይ ያገኘሁት ያንኑ ዓይን ነው፤ በዚህኛው ጊዜ የሚሸፍንልኝ መዳፍ አልነበረም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። እስክንድር ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ከአገሩ ወጥቶ ከለንደን ፓሪስ፣ ከፓሪስ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ አሜሪካ ሲዘዋወር የኖረ ሰው ነው። በሥዕሎቹ የሚታየው የውስጥ ዓለም፣ የሕልሙና የመንፈሱ አገር፣ ከየት የመጣ ነው? ከደብተራው ብራና ነው ወይስ ከፓሪስ ወዳጆቹ? ደግሞስ ያን ሁሉ አገር ያዞረው ምን ፍለጋ ነው?


ሸራና ብሩሽ፦

እህታችን ማለዳ፣ ሥዕል በማስተማር ሥራ ላይ ስለምገኝ ያነሡትን ጥያቄ ከተማሪዎቼ ጋር ደጋግመን ተወያይተንበታል። አስቀድሜ ስለ መንገዱ ልበል። እስክንድር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1937 አዲስ አበባ ውስጥ ነው። እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ አባቱ የክብር ዘበኛ መኮንን ነበሩ፤ አርመናዊው አያቱ ደግሞ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጡ ነጋዴ ናቸው። በንጉሠ ነገሥቱ የኢዮቤልዩ በዓል በተደረገ የሥዕል ውድድር ሁለተኛ ከወጣ በኋላ በ1955 የመንግሥት የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ለንደን ሄደ፤ በ1957 ወደ ፓሪስ ተሻግሮ ዘጠኝ ዓመት ኖረ።

ፓሪስን በሚገባ ካላየን ሥዕሉን በትክክል አናነብም። አንድሬ ብሬቶን በ1924 የሱሪያሊዝምን ማኒፌስቶ ሲያወጣ ሠዓሊውና ገጣሚው ከነቃው አእምሮ ቁጥጥር ወጥተው በሕልም ቋንቋ እንዲናገሩ ጠይቆ ነበር። እስክንድር በደረሰበት ጊዜ ያ እንቅስቃሴ አርጅቷል፤ ሆኖም ከአውሮፓ ውጭ የተወለዱ ሠዓሊዎች አዲስ ሕይወት ሰጥተውት ነበር። የቺሊው ተወላጅ ሮቤርቶ ማታ የሰውን አእምሮ እንደ መልክዓ ምድር፣ አድማስ እንደሌለው ሰፊ ቦታ አድርጎ ይሥል ነበር። የኩባው ዊፍሬዶ ላም አባቱ ቻይናዊ፣ እናቱ የአፍሪካ ደም ያላት ናት፤ የክርስትና እናቱም ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ይዘውት የሄዱትን የሳንቴሪያ እምነት የምታገለግል ሴት ነበረች። ላም በ1943 በሣለው «ጫካው» በተባለ ሥዕል ላይ ሰውና ሸንኮራ አገዳ፣ ጭምብልና ጨረቃ ተቀላቅለው ይታያሉ። እስክንድር ከእነዚህ ሰዎች ሥራ ያገኘው ትልቁ ነገር፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ የአሣሣል ዘዴ ሳይሆን ፈቃድ ነው፤ አያት ቅድመ አያቶች የሚያምኑበትን የመንፈስ ዓለም እንደ ኋላ ቀርነት ሳይቆጥሩ የዘመናዊ ሥዕል ዋና ጉዳይ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩት።

በዚያው ዘመን ፓሪስ የጥቁር ሕዝቦችን ባህልና ማንነት ከፍ ያደረገው የኔግሪቲዩድ እንቅስቃሴ ጸሐፊዎችና የሴኔጋላዊው የታሪክ ሊቅ የሼክ አንታ ዲዮፕ ሐሳቦች የሚነበቡባት፣ የምዕራብ አፍሪካ ተማሪዎችና ሙዚቀኞች የሚገናኙባት ከተማ ነበረች። ስለዚህ በ1964 ከሠራቸው ሥዕሎች አንዱን «የጁጁ ሠርግ» ብሎ ሰየመው። «ጁጁ» በዕቃ ላይ የሚያድር ኃይልን ለማመልከት በምዕራብ አፍሪካ የሚነገር ቃል እንጂ የእኛ አገር ቃል አይደለም። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይህን ሥዕል በ1965 ገዝቶታል፤ የላምም «ጫካው» የሚገኘው በዚያው ሙዚየም ነው። እናም «ከብራናው ወይስ ከፓሪስ» ለሚለው ጥያቄዎ የምሰጠው መልስ፣ ወደ ብራናው የሚመልሰውን መንገድ ያገኘው ፓሪስ ላይ ነው የሚል ይሆናል።


ጥርጣሬ አለኝ፦

የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። አንድ አፍሪካዊ ሠዓሊ ክብ ነገር በሣለ ቁጥር «የአያቱ ጠልሰም ነው»፣ ማለትም በክታብ ላይ የሚሣለው ምልክት ነው የምንለው ለምንድን ነው? የጀርመንኛ ተናጋሪው ፓውል ክሌ ዓይን፣ ጨረቃ፣ ወፍና ቀስት ሲሥል ኖሯል፤ ሰዎች የሚጠይቁት ግን ስለ ቀለም ንድፈ ሐሳቡና በጀርመኑ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በባውሃውስ ስለሰጠው ትምህርት ነው። እስክንድር ክሌን በሚገባ ያጠና ሰው ነበር። እርሱን «ባለ ራእይ»፣ «ምሥጢረኛ»፣ «ተቅበዝባዥ» ብለን ስንጠራው ያወደስነው ይመስለናል፤ ነገር ግን ሐሳቡን አስቦ፣ ቀለሙን መዝኖ፣ ቅርጹን ደጋግሞ ሠርቶ የደረሰበትን ነገር በደሙ ውስጥ የነበረ እናስመስለዋለን። እንዲህ ያለው ውዳሴ የአእምሮውን ድካም ይወስድበታል።

ሁለተኛው ሥጋቴ ከእምነት ጋር የተያያዘ ነው። ቤተ ክርስቲያን ጥንቆላንና አስማትን ታወግዛለች። እናቴም ሆኑ የንስሐ አባታችን ክታብን በቤታችን አያስገቡም ነበር፤ ያንን በማድረጋቸውም ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ብዙ ቤተሰብ በደብተራ ስም ተበዝብዟል፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ የነበረበት ሕፃን ቆዳ ታስሮለት ቤት ቀርቷል። ይህን ሁሉ ረስተን ጠልሰሙን «የንቃተ ኅሊና ፍልስፍና» እያልን ብናስጌጠው ማንን እንጠቅማለን?


የቅኔ ተማሪ፦

ወንድሜ ጥርጣሬ፣ ሁለቱም ነጥቦችዎ ከባድ ናቸው፤ በተለይም ስለ ሕፃናቱ የጻፉትን የሚያስተባብል ሰው አይኖርም። እኔ በልጅነቴ ቅኔ ቤት ገብቼ ዘረፋ፣ ማለትም የራሴን ቅኔ ማፍለቅ፣ እስክደርስ የተማርኩ፣ የክታብ ጸሐፊዎችንም በቅርብ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ከሥዕሉ ይልቅ ስለ ብራናው ልናገር።

ክታብ የሚጻፈው ለአንድ ሰው ነው። የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ተፍቆና ተወጥሮ ብራና ከሆነ በኋላ በጠባቡ ይቆረጣል፤ ቁርጥራጮቹም በቀጭን የቆዳ ክር ተሰፍተው የባለቤቱን ቁመት ያህል እንዲረዝሙ ይደረጋል፤ ይህም ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ ነው። ጽሑፉ በግእዝ ሆኖ ከጥላሸት በተዘጋጀ ጥቁር ቀለም ይጻፋል፤ መክፈቻውና የባለቤቱ የክርስትና ስም ግን በቀይ ይገባል። ከሚጻፉት ጸሎቶች አንዱ ሕፃናትን ስለምትገድለው ስለ ወርዘልያና በፈረስ ተቀምጦ ስለወጋት ስለ ቅዱስ ሱስንዮስ የሚናገረው ነው፤ ሌላው መርበብተ ሰሎሞን ይባላል፤ ንጉሡ አጋንንትን ዓሣ አጥማጅ ዓሣን እንደሚይዝ በመረብ እንደያዛቸው ይተርካል። በጸሎቶቹ መካከል ጠልሰሙ ይሣላል፦ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ መረብ፣ በመሐሉም ፊት ወይም ዓይን ብቻ።

እዚህ ላይ ነው የእህታችን ጥያቄ የሚመለሰው። ዓይኑ የተሣለው ሰው እንዲያየው አይደለም። በሽተኛው ጠልሰሙን ሲመለከት በእርሱ ዓይን በኩል አሻግሮ የሚያየው በውስጡ ያደረው መንፈስ ነው ተብሎ ይታመናል፤ መንፈሱም ከጠልሰሙ ዓይን ጋር ሲገጣጠም ደንግጦ ይለቅቃል። እንግዲህ በአንድ ሰው ዓይን ውስጥ ሁለት ተመልካቾች አሉ ማለት ነው፤ አንዱ ባለቤቱ ነው፣ ሌላው እንግዳው። «የማየው እኔ ነኝን?» የሚለውን ጥያቄ ፈላስፎች በመጽሐፍ ሲጽፉት ደብተራው በቀለም ጽፎታል። በእምነቱ ባልስማማም ጥያቄው ጥልቅ ጥያቄ ነው። ማለዳ ሆይ፣ እናትዎ ዓይንዎን የሸፈኑት ሥዕሉ ለእርስዎ ስላልተሠራ ይመስለኛል።

የእስክንድር ሥዕል ግን ክታብ አይደለም፤ ልዩነቱንም አጥብቄ መያዝ እወዳለሁ። የማንም ስም በቀይ አልተጻፈበትም፤ በቆዳ አልተሰፋም፤ ማንም ያልፍ ያገድም ዘንድ በአደባባይ ተሰቅሏል። ዓይኑ አንድን መንፈስ ለማባረር ከሚያፈጥበት ቦታ ተነሥቶ ሰውን ሁሉ ወደሚጠይቅበት ቦታ ተዛውሯል። ይህን ያደረገው ደግሞ በእውቀት ነው፤ በዚህ ከወንድማችን ጥርጣሬ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሥዕሎቹን ለመተርጎም ብዙዎች «ሰምና ወርቅ» የሚለውን አባባል ይጠቀማሉ፤ እኔ ግን አይስማማኝም። በሰምና ወርቅ ሰሙ ቀልጦ ይወገዳል፣ ወርቁ ይቀራል፤ የእስክንድር ወፍ ግን ቀልጦ የሚወገድ ሰም አይደለም። የሚስማማው ኅብር ነው፤ በኅብር አንድ ቃል ሁለቱን ፍቺ በአንድ ጊዜ ተሸክሞ ይኖራል፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን አንጥልም። «ዓይን» የሚለውን ቃል ውሰዱ። በግእዝም ሆነ በአማርኛ የሚያየውን ብሌን ብቻ ሳይሆን ውኃ የሚፈልቅበትንም ቦታ ዓይን እንለዋለን፤ «የምንጭ ዓይን» ማለታችን ለዚህ ነው። በሥዕሉ ላይ ያሉትን ክብ ነገሮች ማለዳ «ኮከብም እንቁላልም» ማለቷ ኅብሩን ስላገኘችው ነው። የሚያየውና የሚፈልቀው አንድ ክብ ውስጥ አሉ።


ዲሲ ነዋሪ፦

ከእናንተ ብዙ ተማርኩ። እኔ የማውቀው የመጨረሻውን የሕይወቱን ክፍል፣ የዋሽንግተኑን ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል፤ በመካከሉም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀብሏል። በ1970 ወደ አሜሪካ መጥቶ ጥቂት ቆይቶ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ፤ እስከ 2001 ድረስም በዚያው ቆየ። አብዮቱ ፈነዳ፣ ዘመኑ ተቀየረ፣ እርሱም አገሩ ለመኖር ሳይመለስ በሜይ 2003 ዋሽንግተን ውስጥ አረፈ። በዚያው ሰሞን በስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም የውጭ አገር ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች ዐውደ ርእይ ተከፍቶ ነበር።

በ1972 እና በ1973 የሠራውን «የጅማሬው ፍጻሜ» የተባለውን ሥዕል የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይዞታል። አንዳንድ ሰዎች ሥዕሉ ከ1974ቱ አብዮት አንድ ዓመት ቀድሞ ስለተጠናቀቀ «ትንቢት ነው» ይላሉ። እኔ ይህን አባባል አልወድም። ባለ ራእይ መሆንና የፖለቲካ ቀን ቆጥሮ መናገር የተለያዩ ናቸው፤ እስክንድር ያየው ነገር ካለ ሰው ከመጀመሪያ ቤቱ ወጥቶ ወደዚያው መመለስ እንደማይችል ነው፤ ይህንን ደግሞ በራሱ ላይ አይቶታል። ከአገር በወጣሁ በሦስተኛው ዓመት ርእሱን ስሰማ ስለ መንግሥት ለውጥ አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ስለ ሰፈሬ ነው።

በዚህ ከተማ የምትኖሩ ሁሉ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ያለውን «ኔክሰስ» የተባለ ሥራ እንድታዩት እለምናችኋለሁ። በ2001 ከሠዓሊና ገጣሚ ከበደች ተክለአብ ጋር የሠራው በአሉሚኒየም የተቀረጸ ግዙፍ የግድግዳ ሥራ ነው። ከበደች ከደርግ ሸሽታ ስትወጣ በሶማሊያ ተይዛ አሥር ዓመት ያህል የታሰረች፣ ኋላም በሃዋርድ የተማረች ናት። እኔ የሄድኩት ፓስፖርቴን ለማሳደስ ነበር፤ ተራዬን ስጠብቅ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየተራመድኩ አነበብኩት። የክርስትናው፣ የእስልምናው፣ የአይሁዱና የጥንቱ እምነት ምልክቶች፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ የቤትና የእርሻ ዕቃዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ አንዱ የሌላው ባሪያ አልሆነም። የስሜ ተራ ሲጠራ አልሰማሁም፤ ከጎኔ የነበሩ አዛውንት በክርናቸው ነካ አድርገው «ልጄ፣ አንተን ነው» አሉኝ።

በሃዋርድ ስላስተማራቸውም አንድ ቃል ልበል። ፊደላችንን እያፈራረሰ በሸራ ላይ የሚያስጨፍረው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ሁለተኛ ዲግሪውን በ1980 ያገኘው እዚያው ነው። የአንዱ ዓይን በሌላው ሸራ ላይ ፊደል መሆኑን ስታዩ መምህሩ ምን እንዳስተላለፈ ይገባችኋል።


ሸራና ብሩሽ፦

የቅኔ ተማሪው ስለ ብራና አሠራር ያስረዱበት መንገድ ስለ ቁሳቁስ እንድናገር አነሣሣኝ፤ ምክንያቱም የእስክንድር ፍልስፍና ከቁሱ ተለይቶ አይታይም። «የጁጁ ሠርግ» በሸራ ላይ አልተሠራም፤ ተቆርጦና በእጅ ተቀድዶ በተዘጋጀ ካርቶን ላይ ቴምፐራ በሚባለው በውኃ የሚበጠበጥ ቀለምና የብረት ብልጭታ ባለው ቀለም የተሠራ፣ ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ሥራ ነው። መቀስ የሄደበት ጠርዝ ስለት አለው፤ የተቀደደው ጠርዝ ግን እንደ ቆዳ ይሻክራል። ይህንን ለተማሪዎቼ ለማሳየት ካርቶን አስቀድዳቸዋለሁ፤ ሁልጊዜም የሚሆነው አንድ ነው፤ መጀመሪያ በጥንቃቄ ይቀድዳሉ፣ ቅዱ ካሰቡት መስመር ይወጣባቸዋል፣ ከዚያ ስሕተቱን ተከትለው አዲስ ቅርጽ ያገኛሉ። ሱሪያሊስቶች ከነቃው አእምሮ ቁጥጥር መውጣት ያሉት ነገር በእጅ ሲሠራ እንዲህ ነው።

ኋላ በፍየል ቆዳና በዛፍ ቅርፊት ላይ ወደ መሥራት ሄደ። በ1981 የሠራው «የጊዜ ዑደት 3» የተባለው ሥራ ከዛፍ ቅርፊት በተዘጋጀ ጨርቅ ላይ ቅርጹ ከስር ተገፍቶ እንዲወጣ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ብርሃን ከጎን ሲመታው እንጂ ከፊት ሲመታው ሁሉን ነገር አይገልጥም። የቅኔ ተማሪውን ልጠይቅ፦ በእናንተ ዘንድ ውስጠ ወይራ የሚባል የቅኔ ዓይነት የለምን? የወይራ ቅርፊቱ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ መሆኑን ይዞ የተሰየመ? እኔ ያን ቅርፊት ባየሁ ቁጥር ይህ ቃል ይመጣብኛል፤ ከኅብርም ይልቅ ለኋለኛው ዘመን ሥራው የሚቀርበው እርሱ ይመስለኛል። የፓሪሱ እስክንድር ሁሉን በግልጽ ያበርራል፤ የዋሽንግተኑ ግን ሸሽጎ ያስቀምጣል።


ጥርጣሬ አለኝ፦

የጠየቅሁት ጥያቄ በአክብሮት ስለተመለሰ አመሰግናለሁ። የቅኔ ተማሪው በክታብና በሥዕል መካከል ያሰመሩት መስመር ብዙ ነገር አቃለለልኝ፤ ያንን መስመር ብዙ ጸሐፊዎች ቢያሰምሩት ኖሮ እኔም እንዲያ ባልተቆጣሁ። ካርቶኑን የመቅደዱ ነገርም አሳመነኝ፤ እጅ የሚሠራው ሥራ ከተነገረ የአእምሮው ድካም አልተረሳም ማለት ነው።

ሆኖም አንዱን ነጥቤን አልለቅም። «መንከራተት» የሚለውን ቃል ለእስክንድር ስንጠቀም እንጠንቀቅ። ወደ ለንደንና ወደ ፓሪስ የሄደው ፈልጎ ነው፤ ከ1974 በኋላ ውጭ አገር መቅረት ግን የአንድ ትውልድ ዕጣ ነበር። በዚያው ዘመን ያስተምር የነበረው ታላቁ ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታም እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ኦክላሆማ በስደት ነው የሞተው። ለአንዱ መንፈሳዊ ጉዞ የምንለው ለሌላው የተዘጋ በር ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥም ሁለቱ ሊኖሩ ይችላሉ። ዲሲ ነዋሪው ስለ ሰፈራቸው የጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ይህንን ከእኔ በተሻለ ተናግሮታል።


ማለዳ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ክሩን ከከፈትኩ በኋላ እናቴ ዘንድ ደውዬ የአያቴ ክታብ የት እንደደረሰ ጠየቅኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «ሻንጣዬ ውስጥ ነው፤ ለምን ፈለግሽው?» አለችኝ። እኔ ሳላውቅ ለካስ ወደ አሜሪካ ስትመጣ ከነጠላዎቿ መካከል ጠቅልላ አምጥታዋለች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቷ ሄድኩ። መጀመሪያ አልፈታም አለች፤ ኋላ ራሷ መቀስ አምጥታ የቆዳውን ስፌት ፈታችው። ብራናውን በመኝታ ቤቷ በር መቃን ላይ ይዘን ስንለካው ከመሬት እስከ ትከሻዬ ደረሰ። እናቴ በመዳፏ ከትከሻዬ በላይ ያለውን ክፍተት ለካችና «አዎ፣ እማዬ አጭር ነበረች» ብላ አለቀሰች።

ዓይኑ በመካከሉ ነበር። ሳየው አልፈራሁም፤ ግን ራሌይ ላይ እንደተሰማኝም አልሆነም፤ የቅኔ ተማሪው እንዳሉት ለእኔ የተሠራ አለመሆኑ ይታወቃል። በሙዚየሙ ያለው ዓይን ሲያየኝ እንደ ሰው ጠየቀኝ፤ ይኸኛው በእኔ በኩል አልፎ ሌላ ሰው የሚፈልግ ይመስላል።

ያላሰብኩት ነገር ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። የአያቴ የክርስትና ስም፣ ወለተ ማርያም፣ በሦስት ቦታ በቀይ ተጽፏል፤ በሦስቱም ቦታ ግን ብራናው ከሌላው ይልቅ ሳስቶ ሻክሯል። ስልኬን ጠጋ አድርጌ ሳበራበት ከስሟ ሥር ሌላ የተፋቀ ጽሑፍ ተመለከትኩ፤ «ወለተ» የሚለው የመጀመሪያው ቃል አልተነካም፣ የተፋቀው ተከታዩ ነው። እናቴ ስለዚህ የምታውቀው ነገር የለም። የቅኔ ተማሪ ሆይ፣ ከአያቴ በፊት ሌላ ባለቤት ነበረው ማለት ነው? ቁመቷስ ከአያቴ ጋር እኩል ነበር? የተፋቀውን ስም ለማንበብ የሚያስችል መንገድ ካለ ይንገሩኝ።


የቅኔ ተማሪ፦

እህቴ፣ ይህ የተለመደ ነው። ክታብ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከሟች ወደ ሕያው ሲተላለፍ ጸሐፊው የቀድሞውን ስም በሰንጢ ፍቆ አዲሱን ያገባል። ሁለቱም ሴቶች ስለሆኑ «ወለተ»ን መፋቅ አላስፈለገውም። ቁመቱን በተመለከተ የታችኛውን ጠርዝ ይመልከቱ፤ የስፌቱ ክር ከላይኞቹ የተለየ ከሆነ ወይም ጸሎቱ በመሐል ከተቋረጠ ለአያትዎ ሲሉ ቀጥለውበታል ወይም ቆርጠውለታል ማለት ነው።

ስሙን ለማንበብ ከቶ ውኃ አያስነኩት፤ በጣትም አይሹት። ጠዋት ፀሐይ ዝቅ ብላ በመስኮት ስትገባ ብራናውን ከብርሃኑ ጋር አጋድመው ይያዙት፤ ቀለሙ ቢፋቅም መቃው የጫረው ጎድጓዳ መስመር ጥላ ይጥላል። መጀመሪያ የመጨረሻውን ፊደል ይፈልጉ። «ም» ከሆነ እንደገና «ማርያም» ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን መፋቅ ባላስፈለገ። «ን»፣ «ል» ወይም «ስ» መሆኑን ለይተው ፎቶውን እዚህ ይለጥፉልን፤ ሌላው ፊደል አንድ በአንድ ይወጣል።